ከቀዩ በር ወዲያ

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት በቀላሉ የሚታመን ነገር አልነበረም። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ሰቆጣ ሲመደብ እናቴ ከጎጃም ተከትላው መጣች፤ አገሩን ወደደችው፣ ሰዉንም ወደደችው፣ ማመን ግን አልሆነላትም። ገበያ ወጥተን ማር ስንገዛ ሻጮቹ በእንጨት ጫፍ አንስተው መዳፏ ላይ ጠብ ያደርጉላታል። ትልሰዋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ "ይሄ ስኳር ገብቶበታል" ትላለች። አራት ሻጭ ዘንድ ቀምሳ፣ አራቱንም አምታ፣ ተመልሳ ከመጀመሪያዋ ትገዛለች። ቤት ገብታ ደግሞ እንደገና ትቀምስና "ያስቀመሰችኝ ሌላ፣ የሸጠችልኝ ሌላ!" ብላ ራሷን ትይዛለች። ማሩ ያው ማር ነው፤ ነጭ የዋግ ማር፣ ሽታው ጓዳውን የሚሞላ። እሷ ግን "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" ትለኝ ነበር። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ስንጥር ስፈልግ ነው ያደግሁት። ይህን አስቀድሜ የማወራው ወደ ኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ በእናቴ እንድታሳብቡልኝ ነው። ግን ተዉት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን፤ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው። ትምህርት ቤታችን ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛው በሁለቱ ሬሳ ይኖራል። ማውሱ ከአንዱ፣ ኪቦርዱ ከሌላው የተወሰደ ነው። ያለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚውለው። ዳንቴሉን ስናነሳ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ሽታ ይወጣል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ የሆነ ቦታ ከሸተተኝ ልቤ ይደነግጣል። ስክሪኑ ሕመምተኛ ነበር። ሰውም ተራራም ጽሑፍም ቢጫ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ የታችኛው ጠርዙ ደግሞ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። እኛ ግን በዚያው እንኮራ ነበር። የኮምፒውተር ክበብ አባላት ሰባት ብቻ ነን፤ በመስኮት አጮልቀው የሚያዩን ስንት ነበሩ!

ከሰባታችን አንዱ ኪሮስ ነው። ከፃግብጂ መጥቶ፣ ከሁለት የአጎቱ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት ይማራል። አፉን የፈታው በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር አንዳንዱን ቃል ያጠብቀዋል፤ እንግሊዝኛ ሲያነብማ ክፍሉ በሳቅ ነው የሚያልቀው። እኔም እስቅ ነበር፤ ምን ልዋሽ? ግን አጠገብ ለአጠገብ ነበር የምንቀመጠው። ከስንቁ ቆሎ ያካፍለኛል፤ የባቄላና የሽንብራ ቆሎ፣ በጨው የታሸ። ሒሳብ ሲከብደኝ ሳልጠይቀው ደብተሩን ገፋ ያደርግልኛል። ከክፍሉ አንደኛ የምወጣ እኔ ነበርኩ፣ እሱ ሁለተኛ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲነገር ተገለባበጥን። አባቴ "ጎሽ፣ ሁለተኛም ጥሩ ነው" አለኝ። ያቺ "ም" ለስንት ቀን ጆሮዬ ውስጥ ስትጮህ ከረመች መሰላችሁ።

አንድ ሰኞ የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር አለማየሁ ከአዲስ አበባ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። "ጌም ነው፤ የቆየ ቢሆንም ለዚህ ማሽን የሚስማማው እሱ ነው" አለን። ሰባታችንም ሲዲውን እየተቀባበልን ጀርባው ላይ ፊታችንን አየን፤ ቀስተ ደመናውን አደነቅን። ማስገባቱ ግን ምጥ ሆነ። መጀመሪያ ነገር የሲዲው መሳቢያ አልከፈት አለ። ቲቸር በጥፍሩ ሞከረ፣ በካራ ሞከረ፣ በመዳፉ መታው። ኪሮስ ማሽኑን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ዞሮ ፀጉሬ ላይ አፈጠጠ። "ያንን ስጪኝ" አለኝ። የፀጉሬን ፍርኬታ ነው። አቃንቶ፣ ከመሳቢያው ሥር ባለችው የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ቀዳዳ ሲከታት መሳቢያው ቀጭ ብሎ ወጣ። እንዴት እንዳያት እንጃ፤ እኔ ያቺን ቀዳዳ ዓመት ሙሉ አይቻት አላውቅም።

ሲዲው ሲገባ ደግሞ ማሽኑ አንድ ነገር ጻፈ። ቲቸር አነበበና "ሆዴ ሞልቷል፣ ቦታ የለኝም ነው የሚለው" አለ። ስለዚህ የቆዩ ደብዳቤዎችና የፈተና ወረቀቶች መሰረዝ ነበረባቸው። ቲቸር "ይሄን፣ ያንን" እያለ በጣቱ ያሳያል፤ ኪሮስ ይሰርዛል። ጨርሰን እሰይ ስንል ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጮኾ ጭልም አለ። ቲቸር ጎኑን ፈትቶ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያላት አረንጓዴ ነገር አወጣና "ሜሞሪው ነው፣ ላጲስ አምጡ" አለ። ወርቃማ ጥርሶቹን ኪሮስ በላጲስ ቀስ እያለ አሻቸው፣ እፍ አለባቸው፣ መልሶ ሰካቸው። ሠራ! የላጲስ ሽታ ያለበት ተአምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨዋታው ራሱ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው ሰውዬ አንድ እግሩን ያነሳል፣ እኛ እንጠብቃለን፣ ያወርዳል። እንዲህ ሲንቀራፈፍ መሸ። በማግስቱ ኪሮስ ስዕሉን አሳንሶ፣ የድምፁን ነገር አጥፍቶ፣ ሰውዬውን ሲያስሮጠው ቲቸር ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

በሦስተኛው ቀን ቲቸር ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ወልድያ ሄደ። ከመሳፈሩ በፊት የክፍሏን ቁልፍ ለኪሮስ ሰጠው። የክበቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ግን ለሱ። ፈገግ ብዬ "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት።

ጨዋታውን ልንገራችሁ። አንድ ወታደር መሰል ሰው ችቦ ይዞ ከአለት የተፈለፈለ ቤት ውስጥ ይገባል። ከአለት የተፈለፈለ ቤት ለሰቆጣ ልጅ ብርቁ አይደለም፤ ውሾቹ ናቸው ያስቸገሩን። ሰውዬውን "ሻምበል" አልነው። ሻምበል በደረጃ ይወርዳል፣ ቁልፍ ይለቅማል፣ ከውሻ ያመልጣል፣ በመጨረሻ አንድ ትልቅ በር ዘንድ ይደርሳል። ፈንታው የሚባለው ትልቁ የክበባችን ልጅ "ቀይ ነው" አለ፣ እኛም ቀይ አልነው፤ በኛ ስክሪን ሁሉም ቢጫ ስለሆነ ማን ይከራከራል? ሻምበል ቁልፉን ሲያዞረው በሩ ገርበብ ይላል፣ ብርሃን ይታያል፣ ሰባታችን "ሆ!" እንላለን... ከዚያ ድርግም! ጥቁር። ታች፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ጠርዝ ላይ፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ብልጭ ይልና ሳናነበው ይጠፋል። ጨዋታው ይዘጋል።

መጀመሪያ መብራት መሰለን። ከዚያ ሜሞሪው መሰለን፤ በላጲስ አሸነው። ሲዲውን በቀሚሴ ጠረግሁት፣ ወደ ፀሐይ አንስተን ጭረት ፈለግን። ማሽኑን አጥፍተን አሳረፍነው። እንደገና አስገባነው፤ አሁንም እዚያው በር ላይ ድርግም። አሥር ጊዜ ብንሞክረው አሥር ጊዜ ሻምበል ደፉ ላይ ቀረ። በአራተኛው ቀን ፈንታው እጁን አጣምሮ "ይሄ ብልሽት አይደለም። ቀሪው ተሰርቋል" አለ።

አሁን ይህን የሚያነብ ወጣት ይስቅ ይሆናል። በእኛ ቦታ ሆናችሁ እዩት እንጂ። በዚያው ዓመት የማውሱ ሆድ ውስጥ ያለችው ኳስ ጠፍታ፣ የኋላ ኋላ ስድስተኛ ክፍሎች ብይ ሲጫወቱባት ተገኝታለች። ከኮምፒውተር ሆድ ነገር እንደሚወጣ በዓይናችን አይተናል! "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ተባባልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሏ ውስጥ የምንተያየው በጎሪጥ ሆነ። ስንገባ ኪስ ይፈተሻል፣ ስንወጣ ኪስ ይፈተሻል፤ የአንዷን ልጅ የምሳ ዕቃ ሳይቀር ከፍተን አይተናል። የጨዋታ ግማሽ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያውቅ አልነበረም፤ ፍተሻው ግን ጠብቆ ቀጠለ። ሰው ውሃ ለመጠጣት ከወጣ "ለምን ወጣ?"፣ ካልወጣ ደግሞ "ለምን አይወጣም?" ነው።

እኔ የጠረጠርኩትን ታውቃላችሁ። ቁልፉ እሱ እጅ ነው፣ የሰረዘው እሱ ነው፣ ማሽኑን የሚያውቀው እሱ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት ወደ ክፍሏ ጠጋ ስል በሩ ገርበብ ብሏል። አጮለቅሁ። ኪሮስ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሻምበል በሩ ዘንድ ደርሷል። ድርግም ሲል ኪሮስ ጎንበስ ብሎ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር አደረገ። ወለሉ ሲንቋቋ ሰምቶኝ ኖሮ ደብተሩን ሹራቡ ውስጥ ከተተው። "ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ?" አለ፤ ፊቱ ቀላ። "ምን ደበቅህ?" አልኩት። "ምንም" አለ። ምንም! እናቴ ብትሆን እዚያው ላይ ታንቀው ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ ሄድኩ፤ ያየሁትን ይዤ።

አርብ ዕለት ፈንታው "አውጫጭኝ እንቀመጥ" አለ። አያቱ በአገራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከብት ሲጠፋ፣ እህል ሲሰረቅ አገሩን ሰብስበው ሌባውን የሚያወጣጡ እሳቸው ናቸው። ፈንታው ከኋላቸው ተቀምጦ ሥርዓቱን ሁሉ ሸምድዷል። ሰው ሁሉ ይቀመጣል፤ የቀረ ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ሁሉም ይምላል። ከዚያ እያንዳንዱ ተራ በተራ ዳኛው ዘንድ ለብቻው ይቀርብና የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። "አየሁ" ግን አይልም። "ወፍ ነገረችኝ" ነው የሚለው። ዳኛው ወፏ የተናገረችውን ያወጣል እንጂ ወፏ ማን እንደሆነች እስከ መቃብሩ አይናገርም። "ወፏን የገለጠ ዳኛ፣ ዳኛ አይደለም" አለን ፈንታው፤ የአያቱን ድምፅ አወፍሮ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወይራው ሥር ድንጋይ ድንጋያችን ላይ ተቀመጥን። "ማርያምን" እያልን ማልን። ኪሮስም ማለ፤ ከሁላችን ረጋ ብሎ።

ተራዬ ሲደርስ ፈንታው ጆሮውን ሰጠኝ። "ወፍ ነገረችኝ" አልኩ። "ኪሮስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ብቻውን የኮምፒውተሩን ጎን ፈትቶ፣ ከውስጡ አንድ ነገር አውጥቶ፣ ደብተሩ መሃል ሲደብቅ አይታዋለች።" ብቻውን መሆኑ እውነት ነው። ደብተሩም እውነት ነው። ጎኑን መፍታቱንና ማውጣቱን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደጨመርኩት ብትጠይቁኝ፣ ያየሁት ብቻውን የሚበቃ ስላልመሰለኝ ነው። ደግሞ ስናገረው ሳለ የፈታውን ጎን፣ ያወጣውን ነገር፣ ሁሉንም ያየሁት ያህል ታየኝ።

ፈንታው ሁሉንም ሰምቶ ሲጨርስ መሃል ቆመ። "ወፏ ተናግራለች" አለና የተባለውን አንድም ሳያስቀር ደገመው። ከዚያ "ኪሮስ፣ ደብተርህን" አለ።

ኪሮስ ደብተሩን ከሹራቡ ሥር አወጣ። ፈንታው አገላበጠው፣ አራገፈው፤ የወደቀ ነገር የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ቃል ጎዶሎ፣ አንዳንዱ የተሰረዘ። "ምንድን ነው ይሄ?" አለው። ኪሮስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ከበሩ በኋላ ብልጭ የሚለው ጽሑፍ ነው። ቶሎ ስለሚጠፋ በአንድ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚደርስበት፤ ስለዚህ ለእያንዳንዷ ቃል ጨዋታውን ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ ውሾቹን ሁሉ እያለፈ፣ በሩ ዘንድ እየደረሰ ይገለብጣል። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በመዝገበ ቃላት ይፈልጋል። "ስትስቁብኝ ስለኖራችሁ ነው የደበቅሁት" አለ። "'ሙሉውን ግዙ' ነው የሚለው። ጨዋታው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሌላ የለውም። ቅምሻ ነው። ማር ሻጭ በእንጨት ጫፍ እንደምታስቀምሰው።"

ከዚያ ፈንታው ሳቀ፤ ሁሉም ተከተለው። "ግማሽ ጌም ሠርቶ የሚሰጥ ማን ጅል አለ? ደግሞ ግዙ ማለት? ከማን? ሻምበል ሱቅ አለው?" ሳቁ ደራ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የማር ቅምሻን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እናቴን ተከትዬ ስንቴ መዳፌን ዘርግቻለሁ! ደብተሩን አየሁት፤ ሐሙስ ያየሁት ያንኑ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ልጁ እውነቱን ነው። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። "ተሳስቼ ነው" ማለት ነው። ግን እንዲያ ካልኩ ወፏ እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው፤ የጨመርኩትም ሊታወቅ ነው። ፈንታው "የወሰድከውን እስክትመልስ ከክበቡ ወጥተሃል" ሲል ኪሮስ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ሄደ።

ሰኞ ክፍል ሲገባ አጠገቤ አልተቀመጠም፤ ማንም አጠገብ አልተቀመጠም። በእረፍት ሰዓት አንዱ ተነስቶ "ደብተራችሁን ያዙ፣ ሌባ መጣ" ሲል ሰማሁ። እኛ እንዲህ ያልነው ለቀልድ ይሆናል። በኪሮስ አገር ግን ሌባ የተባለ ሰው ስሙ ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚጠፋው፤ እህቱን የሚያገባ፣ ለአባቱ በሬ የሚያውስ አይገኝም። የአጎቱ ልጆች ወሬውን ከስንቅ አምጪው ጋር ወደ አገር ላኩት። ሳምንት ሳይሞላ በገበያ ቀን አባቱ ከች አሉ።

ቀጭን፣ ረጅም ሰውዬ ናቸው፤ ዱላቸውን የኮምፒውተሯ ክፍል በር ላይ አስደግፈው ነው የገቡት። የክበቡን ልጆች ከያለንበት አስጠሩን። ስድስታችን ተሰለፍን፤ ኪሮስ በሩ ዘንድ ቆሟል። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ አልተቆጡም። አማርኛቸውን ቀስ እያሉ፣ ቃል በቃል እየመረጡ "ልጄ የወሰደባችሁ ምንድን ነው?" አሉ።

"የጨዋታው ግማሽ ነው አባባ" አለ ፈንታው።

"ያልወሰደውን ግማሽ አሳዩኝ እስቲ።"

ፈንታው ተቀመጠና ሻምበልን አስነሳው። ሽማግሌው ወንበር እምቢ ብለው ቆመው ያያሉ፤ ውሻው ሲመጣ "ይሄ ውሻ የማን ነው? ለምን አያስሩትም?" አሉ። የሚስቅ ጠፋ። "ሰውየውስ ምን ይፈልጋል?" ሲሉ "መውጫ መሰለኝ" አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝና "እግዜር ያውጣው" አሉ። ያቺ ደግነታቸው ከስድብ በላይ አቃጠለችኝ። ሻምበል በሩ ዘንድ ደረሰ። ብርሃን፣ ድርግም፣ ጥቁር።

"ይህች ናት የጠፋችው?" አሉ።

"አዎ፣ ከበሩ ወዲያ ያለው።"

"እንግዲህ አውጫጭኝ ተቀምጠናል ብላችኋል። ላም ስትጠፋ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀለሟን ነው። ቀይ ናት፣ ጥቁር? ምልክቷ ምንድን ነው? መጨረሻ ያያት ማን ነው? እናንተም ንገሩኝ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ከመካከላችሁ ያየው ማን ነው?"

ፈንታው እኔን አየ። እኔ መሬት አየሁ። ማንም አላየውም።

"እንዲህ ከሆነ ኖራችሁ የማታውቅ ላም ጠፋች ብላችሁ ነው ልጄን ሌባ ያላችሁት።"

ፈንታው ላብ አጠመቀው። "ወፏ ናት... ወፏ ናት የተናገረችው አባባ" አለ።

"ወፏን አልጠይቅህም" አሉት ሽማግሌው። "ሥርዓት ነው፤ እኔም በሥርዓቱ ነው ያደግሁት። ግን ወፍ ያየችውን ነው የምትናገር። ያላየችውን የምትናገር እሷ ወፍ አይደለችም፤ ሌላ ስም አላት።" ማንንም ለይተው አላዩም። እኔ ግን ጆሮዬ እንደ ፍም ጋለ። ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ፤ "እኔ ነኝ"። ፈንታው የሽማግሌውን ስም ሊያድስላቸው፣ ልጃቸው ወንበሩ ላይ ሊመለስ፣ ሁለት ቃል። ምላሴ ላይ ነበሩ። አልወጡም። ሽማግሌው ለኪሮስ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሉት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ዱላቸውን አንስተው ተከታትለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሌባ ያለው የለም፤ ይቅርታ ያለውም የለም። ኪሮስ ወደ ከሰዓት ፈረቃ ተዛወረ። ቲቸር አለማየሁ ከሥልጠና ሲመለስ የሆነውን ሰምቶ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። "ዴሞ ነው እኮ! ሙሉውን እንድትገዙ የሚያስቀምሱት ነው። ልጁ በትክክል ነው ያነበበው" አለን። ቁልፉን ይዞ ከሰዓት ኪሮስን ፈልጎ አገኘው። ኪሮስ ቁልፉን አክብሮ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ከዚያ በሁለት እጁ መለሰው። በዚያው ክረምት አባቴ ወደ ደሴ ተዛወረ፤ ዕቃችንን ጭነን ሄድን። ፈንታው ቃሉን ጠበቀ፤ ወፏን ለማንም አልተናገረም። ምነው በነገረ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ባጃጁ፣ ፎቁ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚሄደው ልጅ፤ ከተማዋ ሌላ ሆናለች። ዛሬ አንድ ጌም ግማሹ ላይ ቢቆም ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ "ሙከራ ነው" ብሎ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ጓደኛውን አይፈትሽም። የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆብኝ ስለነበር ወደ አንድ መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አንስቶ አየኝ። "ትርንጎ?" አለ።

ኪሮስ ነው። ፀጉሩ ከፊቱ ሸሽቷል፣ ፈገግታው ያው ነው። ሳመኝ፣ አስቀመጠኝ፣ ከጎረቤት ሻይ አስመጣ። አባቱ ማረፋቸውን ነገረኝ። መስታወቱን እየቀየረ የድሮውን ስናነሳ አንዲት ትንሽ ልጁ ከትምህርት ቤት ገባች። "ነይ፣ ይህችን አክስትሽን ሳሚ" አላት። "ያ የሻምበል ጨዋታ ያልኩሽ የለ? አብራኝ የነበረች ናት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እየሳቀ "ታውቂያለሽ፣ ያቺን ወፍ ለዓመታት ስፈልጋት ኖሬያለሁ። ሁሉንም በየተራ ጠርጥሬያለሁ፤ ፈንታውን ራሱን ሳይቀር። አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጠርኩት አንቺን ብቻ ነው፤ ያን ሐሙስ በዓይንሽ ስላየሽኝ ጎኑን እንዳልፈታሁ ታውቂያለሽ" አለኝ።

ሻዩ ትኩስ ነበር፤ አንድ ፉት አልኩ። አጠገባችን ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሚቸኩል ጉዳይም አልነበረኝም። "አባትህ ደግ ሰው ነበሩ" አልኩት። ያኔ ዝም ያልኩት ልጅ ስለሆንኩ ነው እያልኩ ከሃያ ዓመት ያላነሰ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ሻዬን ጨርሼ፣ ስልኬን ተቀብዬ፣ ልጁን ግንባሯን ስሜ ስወጣ ልጅ አልነበርኩም።